ሰውስ አይጭንም?

ቡሬ ላይ በተጠራው ስብሰባ ከፊቴ የተቀመጡትን ሴት ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ይመስላሉ። የኮንጎ ጫማቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ቀይ አፈር ለብሷል። አጠገቤ የነበረው እህል ነጋዴ ሙሄዲን፣ «መኪና ከተገለበጠባቸው ወዲህ ተሳፍረው አያውቁም። የሦስት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ነው የሚመጡት» አለኝ።

ወጣቱ መሐንዲስ ከድሬዳዋው መስመር ጋር እንዲገናኝ ሊዘረጋ ስለታሰበው የባቡር ሐዲድ ሲያስረዳ፣ ሴትዮዋ ጃንጥላቸውን አቅፈው፣ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጡ ነበር። ባቡሩ በቆሎ፣ ማዳበሪያና ዘይት እንደሚጭን ሲናገር ግን አላስቻላቸውም፤ ብድግ አሉ።

«ሰውስ አይጭንም?»

«እማማ፣ ለጊዜው የታሰበው ለጭነት ነው። የመንገደኛው ገና ይጠናል። ፈላጊው ስንት እንደሆነ መታወቅ አለበት።»

«ድሬዳዋ ልጅ አለችኝ። ሦስት ወልዳለች፤ አንዱንም አልሳምሁ። በል፣ አንድ ተሳፋሪ አለች ብለህ ጻፍ!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ አልተቀመጡምም። መሐንዲሱ ፈገግ ብሎ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ እስክሪብቶውን በዓይናቸው ተከተሉት።

«ሁለት በል!» ብሎ ሙሄዲን ከአጠገቤ ተነሣ።

«ሦስት!» አለች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

ከዚያማ ማን ይቁጠረው! ሰው ወንበሩን እየገፋ ይቆም ጀመር፤ ከበሩ ውጭ ያሉት ሳይቀሩ ስማቸውን እየጠሩ ገቡ። መሐንዲሱ ገጽ ገለበጠ። ሴትዮዋ ወደ እኛ ዞረው፣ ፊታቸው በርቶ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ይጮኹ ነበር፦

«ቀስ በሉ እንጂ! አንድ ባንድ ይጻፋችሁ!»