ባሕር፣ ጥርኝ፣ ተራራ

የአያቴን አጥንት ከአፈር የለቀመችው የአባቴ ታላቅ እህት፣ እኛ ልጆቹ "ዋ" እያልን የምንጠራት ዋ ከርቲ ናት። አያቴ ሁለት ዓመት ተቀብሮ ከቆየ በኋላ እንደ ልማዳችን አስከሬኑ ለሚቃጠልበት ቀን ሲወጣ፣ ወንዶቹ አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ይቆፍሩ ነበር። እሷ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክካ ጣት ከጣት፣ ጥርስ ከጥርስ እየለየች በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደረችው። ፊቷ አልተኮማተረም። ከመሞቱ በፊት ግማሽ አካሉ በድን ሆኖ በተኛባቸው ስድስት ዓመታትም ከሥሩ የምትጠርገው እሷ ነበረች፤ ያን ስታደርግ ሩዝ የምትለቅም ትመስል ነበር።

በመንደራችን የምትታወቀው ግን በመጸየፍ ነው። ሽቶ ያቅለሸልሻታል። ፀጉሩን በቅባት ያብለጨለጨ ጎረምሳ አጠገቧ ሲቀመጥ ብድግ ትላለች። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ሰማያዊ ክሬም የተቀባ ኬክ አይታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ጎረቤቶች "ከርቲን የሚያስጠላት ሬሳ አይደለም፣ ሕያው ነው" እያሉ ይስቁባታል። ሥራዋ የመሥዋዕት ዕቃ ማዘጋጀት ነው፤ የኮኮናት ቅጠል እየቆረጠች፣ በቀርከሃ ስንጥር እየሰፋች ለመንደሩ በዓላት ሁሉ ታደርሳለች። ባል አላገባችም። ለምን ሲሏት "አንዱን አየሁት፤ ሲበላ አፉ ይጮኻል" ትላለች።

አባቴ ዊርካ ሹፌር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከውጭ የሚመጡ ቤተሰቦችን በደሴታችን በባሊ ዙሪያ ሲያዞር ኖሯል። በላስቲክ የተለበጠች አንዲት ወረቀት አለችው፤ ከላይዋ "ሚዛኑን የጠበቀ የቤተሰብ ጉዞ" ይላል። ለእናት ቤተ መቅደስ፣ ለአባት የሩዝ እርከን፣ ለልጆች እንስሳ፣ ለሁሉም ምሳ። አንዱ እንዳይሰለች፣ ሌላው እንዳይደክም፣ ሁሉም ተደስቶ እንዲገባ ተብላ የተሰላች ወረቀት ናት። እኛን የራሱን ልጆች ግን አንድም ቀን ይዞን ዞሮ አያውቅም። ደሴታችንን የምናውቃት እንግዶቹ በሚልኩለት ፎቶ ነበር።

አያቴ ከተቃጠለና አመዱ ለባሕር ከተሰጠ በኋላ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ነፍሱን መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ቤተ መቅደስ፣ ቀጥሎ ወደ ተራራው ቤተ መቅደስ አድርሶ፣ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት አስገብቶ ከአባቶቹ ጋር ማስቀመጥ። ፀሐይ ከቀደመችን ግን ሌላ መልካም ቀን እስኪገኝ ወራት ይሄዳል፤ አያቴም እስከዚያ ደጅ ላይ እንደ እንግዳ ይቆያል። ዋ ከርቲ ለዚህች ቀን ቅጠል ስትቆርጥ ነው የከረመችው።

ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ወረቀቱን ይዞ ወደ በረንዳዋ መጣ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስንጥር አቀብላት ነበር።

"ምቦክ" አላት፤ ታላቅ እህቱን እንዲህ ነው የሚጠራት። "አንድ ነገር አስቤ ነበር። አርዳና በሳምንቱ መርከብ ሊሳፈር ነው።"

አርዳና ታላቅ ወንድሜ ነው። በመንገደኞች መርከብ ላይ ሰሐን ሊያጥብ ለዘጠኝ ወር ተቀጥሮ ነበር።

"እና?"

"እና ሁላችንም አንድ መኪና ውስጥ የምንሆነው በዚያ ቀን ብቻ ነው። መንገዱን ትንሽ ሚዛናዊ ብናደርገው ብዬ ነው። ባሕር አለ፣ ተራራ አለ። በመሐል ደግሞ ለልጆቹ አንዲት ነገር።"

"ባሕርና ተራራ ሚዛን አይደለም እንዴ? አንተ ምን ልትጨምርበት ነው?"

"ጥርኝ።"

ቢላዋዋን አቆመች። "ምን አልከኝ?"

"የጥርኝ ቡና ቤት። መንገዳችን ላይ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። እንግዶቼ በሙሉ ይወዱታል።"

"ከአውሬ ቂጥ የወጣ ቡና ሊጠጣ ነው አባባን ይዤ የምቆመው?"

"ታጥቦ፣ ተቆልቶ እኮ ነው ምቦክ።"

"አንተም ታጥበህ ነው ያደግከው። ምን ጠቀመህ?"

እናቴ ሱዋርኒ ወጥ ቤት ሆና ሳቀች። አባቴም ሳቀ፤ ስድብ ሲወረወርበት የሚስቅ ሰው ነው። "አባባ ቢኖር ደስ ይለው ነበር። ፍየል ባየ ቁጥር ቆሞ የሚያወራ ሰው ነበር።"

"ያወራል። በጠጡን ግን አፍልቶ አልጠጣም።"

ግቢው ውስጥ አርዳና አዲሱን ሻንጣውን ከፍቶ እየዘጋ፣ መልሶ እየከፈተ ነበር። ዋ ከርቲ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ሃያ ደቂቃ" አለች። "ለልጁ ስል።"

በጉዞው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አያቴ አሁን ነፍሱ የምታድርበት፣ ከኮኮናትና ከአበባ የተሠራ፣ ነጭና ቢጫ ጨርቅ የለበሰ፣ የሕፃን ያህል ነገር ነው። የፊት ወንበር ተለቀቀለት፤ ዋ ከርቲ ግን ጭኗ ላይ ታቅፋው ተቀመጠች። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን የእንጆሪ ሽታ ያለው ካርቶን በሁለት ጣቷ ፈትታ ለአባቴ ሰጠችው።

"እንግዶችህ ምን ቢሸቱ ነው ይህን የሰቀልከው?"

በባሕሩ ቤተ መቅደስ ዋሻው አፉ ድረስ በሌሊት ወፍ ተሞልቶ ይንጫጫ ነበር። ጸሎት ላይ ሳለን አንዱ የዋ ከርቲ ትከሻ ላይ ኩሱን ጣለ። ዓይኗን ሳትገልጥ በቅጠል ጠረገችው። ወደ ውሃው ስንወርድ ግን አሸዋው አይታይም ነበር፤ የሕፃን ዳይፐር፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የተበጣጠሰ ጫማ፣ ማዕበሉ የተፋው ሁሉ ተከምሯል። አያቴን ከፍ አድርጋ በዚያ መሐል እግሯን የምታሳርፍበት እየመረጠች ሄደች።

"ይህ ባሕር ራሱ የሚታጠብበት ባሕር ያስፈልገዋል" አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ገና ማለዳ ነበር፤ ጊዜ ሞልቶናል አልን።

የጥርኝ ቡና ቤቱ ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በሙዝ ዛፎች መሐል ነው። ሽርጥ ያሸረጠ አስተናጋጅ አባቴን በስሙ ጠርቶ አቀፈው። በመጨረሻ ቤተሰቡን ይዞ በመምጣቱ ደስ ብሎት አሥራ አራት ትንንሽ ብርጭቆ ደረደረልን፤ የኮኮናት ቡና፣ የዝንጅብል ሻይ፣ ምኑም ምኑም። ሃያ ደቂቃው አንድ ሰዓት ሆነ። ትንሿ እህቴ ኢንተን ስኳር የበዛበትን ደግማ ጠየቀች። እናቴ የማታውቃቸውን ሰዎች ቅርጫት እያደነቀች ዞረች። አርዳና ዝም ብሎ ይቀምስ ነበር። አባቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ፣ ሁሉም ደስ ብሎታል ወይ እያለ፣ ልክ ከእንግዶቹ ጋር እንደሚሆነው ሆነ።

ዋ ከርቲ መኪናው ውስጥ ቀርታ ነበር። ፀሐዩ ሲበረታ የአያቴ አበባ መጠውለግ ጀመረ፤ ስለዚህ አቅፋው ወረደች። ጥላ ያለው ከጥርኝ ሣጥኑ አጠገብ ብቻ ነው። እዚያ ቆመች።

ሣጥኑ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከላይ ድረስ ሽቦ ነው። ውስጡ ያለችው ጥርኝ ከዳር ዳር ትመላለሳለች፤ በየመታጠፊያው አንገቷን በአንድ ዓይነት ትጠመዝዛለች፣ ተመልሳ ትሄዳለች። ጅራቷ ተመልጧል። ከሥሯ ያደረ ፓፓያ ይበሰብሳል፤ ዝንቡ ከእሷ ፊት ይነሣና ፓፓያው ላይ ያርፋል። ከጎን፣ በሚያምር ቅርጫት፣ የደረቀ ኩስ ለጎብኚ ፎቶ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አበባ ሰክተውበታል። አያቴ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት አበባ ነበር። ዋ ከርቲ እሱን ስታይ አየኋት። ከንፈሯ ነጣ።

"ዋ፣ ውሃ ላምጣልሽ?" አልኳት።

"ከዚህ ቤት ውሃ አልጠጣም። አባትሽን በቃ በዪው።"

አባቴ ግን ስልኩን ለአስተናጋጁ ሰጥቶ እየመጣ ነበር። "አንድ ፎቶ ብቻ። ሁላችንም ያለንበት አንድ ፎቶ የለንም። አርዳና መርከብ ላይ ምን ሊያይ ነው? ምቦክ፣ ነይ መሐል ግቢ።"

"እጄ ላይ አባባ አለ።"

"ለአንዲት ደቂቃ አስቀምጪው።"

"የት?"

አባቴ ዞር ዞር ብሎ አየ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመሰ ብርጭቆ ሞልቷል። አግዳሚው ሰው የሚቀመጥበት ነው። መሬት የሚታሰብ አይደለም። አባቴ ባለጌ አይደለም፤ አያቴ ከሰው ራስ ከፍ ማለት እንዳለበት ከልጅነቱ ያውቃል። በዚያ ግቢ ከሰው ራስ ከፍ ያለው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አያቴን ከእጇ በሁለት እጁ በአክብሮት ተቀበለው፤ ግንባሩን ዝቅ አደረገ፤ ከዚያም የጥርኟ ሣጥን ላይ አኖረው።

"ከፍ ያለ ነው" አለ።

የነጩ ጨርቅ ጫፍ በሽቦው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ወረደ። ጥርኟ መመላለሷን አቆመች። ቀና ብላ አሸተተችው።

አስተናጋጁ ፈገግ በሉ አለ። እኔ ብርጭቆ እንደያዝኩ ፈገግ አልኩ። ፎቶው አሁንም አለ፤ ጥርሴ በደንብ ይታያል። ዋ ከርቲ ፎቶው ውስጥ ያለችው በጀርባዋ ነው፤ አያቴን ልታወርድ ወደ ሣጥኑ ዞራለች።

አልጮኸችም። ጨርቁን ከሽቦው አላቀቀች፣ አያቴን ይዛ በበሩ ወጣች። መንገዱ ዳር ስትደርስ ጎንበስ አለችና አስመለሳት። አያቴን በአንድ እጇ ከራሷ በላይ ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ በሌላው ጉልበቷን ይዛ አስመለሳት፤ ክንዷ ግን ዝቅ አላለም። ከዚያ አፏን ጠርጋ ቀጥ ብላ ቆመች።

በዚያን ቀን የእኛ ብቻ አልነበረም ጉዞው፤ ቀኑ መልካም ነበርና መንገዱ ሙታናቸውን ተራራ በሚያደርሱ ቤተሰቦች ተሞልቶ ነበር። ሰው፣ ቢጫ ጃንጥላና ከበሮ የጫነ ክፍት የጭነት መኪና ሲመጣ እጇን ዘረጋች። ቆመላት።

"የማን ናችሁ እህት?" አሉ ከላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ።

"የሙርዳ ልጅ ነኝ። አባቴን ተራራ ላደርስ ነው።"

"ብቻሽን?"

"መኪና ነበረኝ። ሽታውን አልቻልኩትም።"

"እኛም ጋ ትናንት የታረደ አሳማ አለ።"

"እሱ ይሻለኛል" አለች።

ሽማግሌው ሳቁ። "አባትሽን መጀመሪያ አቀብዪን።"

አያቴ በማናውቃቸው ሰዎች እጅ ከእጅ እየተቀባበለ ከእነሱ ሁለት ሙታን ጎን ቦታ ተሰጠው። ከዚያ እሷን ጎትተው አወጧት። አባቴ ቁልፉን ይዞ ሲሮጥ ደረሰ።

"ምቦክ፣ ውረጂ እንጂ። ሰው ምን ይላል?"

"ጥርኟን ጠይቃት" አለች ከላይ። መኪናው ተነሣ።

ተከተልናቸው። ሙታን የጫነ መኪና አይቀደምምና፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁሉንም ሲቀድም የኖረው አባቴ እስከ ተራራው ድረስ በእርምጃ ያህል ፍጥነት ከኋላ ጥቁር ጭሱን እየማገ ነዳ። የቡናው ጣዕም አፌ ውስጥ እንደ እርጥብ አፈር ተጣብቆ ነበር። ኢንተን ሆዷን ያማት ጀመር። አርዳና በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ጭነት መኪናው ብቻ ይመለከት ነበር።

በተራራው ቤተ መቅደስ ሰልፉ ረጅም ነበር። ያቺን አንድ ሰዓት ቡና ቤት ባናጠፋት ኖሮ አጭር ይሆን እንደነበር ማንም መናገር አላስፈለገውም። ዋ ከርቲ በጸሎቱ ሁሉ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ተቀመጠች፤ ስትወርድም በእነሱ መኪና ወረደች። ሽማግሌው መንገዳቸውን ትተው እስከ መንደራችን በር አደረሷት።

ግቢያችን ስንገባ ፀሐይዋ የሙዝ ቅጠሉ ላይ ደርሳ ነበር። ካህኑ ነጭ ለብሰው ከቀትር ጀምሮ ይጠብቃሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ነው።

"ወንድ ልጁ ይቀበልና ያስገባው" አሉ ካህኑ። በቤታችን ልማድ አባትን ከአባቶቹ ጋር የሚያስቀምጠው ወንድ ልጅ ነው፤ አባቴ ደግሞ ብቸኛው ነው።

አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ። ዋ ከርቲ አልሰጠችውም።

"ታጠብ።"

"ተራራው ላይ ታጥቤያለሁ።"

"ታጠብ አልኩህ።"

ወደ ቧንቧው ሄዶ ታጥቦ ተመለሰ። በካህኑና በጎረቤቱ ፊት ጎንበስ ብላ መዳፉን አሸተተች።

"እንደገና።"

ሁለተኛ ሄደ። በሎሚ ቅጠል አሸው። እናቴ "ምቦክ፣ ፀሐይዋ" አለች በቀስታ። ማንም አልሳቀም። አባቴ ሲመለስ ውሃው ከክርኑ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑ መሬት መሬት ያይ ነበር። እንደገና አሸተተችው። ብርሃኑ ከግድግዳው ግማሽ ላይ ወጥቷል።

"አሁንም አለ" አለች። "የሚለቅም አይመስለኝም። ግን አባባን ደጅ አላሳድረውም።"

አያቴን መዳፉ ላይ አኖረችለት። የራሷን ሁለት እጆች ግን ከእሱ እጆች ሥር አላወጣችም፤ ፊቷን ወደ ጎን፣ ከትንፋሹ ወዲያ አዙራ፣ አብራው የአባቶችን መቅደስ ደረጃ ወጣች።