ያየው ላይ ሁሉ የሚያነጣጥረው ማተቤ

ማተቤ እስካሁን አንድም ከርከሮ አልገደለም፤ የሚስቱ ወንድም ግን ለጥቂት ተርፎታል።

በመተማው ኮኪት በኩል የሚያርስ፣ አባቱ ከደጋ ወርዶ እዚሁ ቆላ የወለደው፣ ደግና ጯሂ ሰው ነው። ነገር ሁሉ ትልቁ ካልሆነ አይጥመውም። ለአህያ ጋሪው የጭነት መኪና ጥሩምባ ገጥሟል። ለጥቂት ዶሮዎቹ በሬ የሚያሳድር ቤት ሠርቷል። ዜና የሚሰማው ሬዲዮኑን እስከ ጥጉ ከፍቶ ነው፤ ካልጮኸ እውነት አይመስለውም። በእርግጥ በዚህ በሽታ የተያዘው እሱ ብቻ አይደለም።

ማሽላው ሲያሸት ከወንዙ ዳር ጫካ የከርከሮ መንጋ ይወጣል። ገበሬዎቹም ተሰባስበው በየተራ የአንዱን ማሳ እየከበቡ መንጋውን ይመልሳሉ። ይኸ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ የለውም፣ ሊቀመንበር አልመረጠም፣ ማኅተም አላስቀረጸም፤ ሥራ የሚሠራውም ለዚህ ይሆናል። ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ከአደኑ የቀረ ሰው ማሳው አይጠበቅም። የተባረረው መንጋ ደግሞ ወዳልተጠበቀው ማሳ ይገባል። ከርከሮ የመደብ ንቃት የለውም፤ ክፍት ቦታ ግን አሳምሮ ያውቃል።

የማተቤ ጠንቅ ባትሪው ነበር። ረዥም የእጅ ባትሪ ገዝቶ፣ በጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ከጠመንጃው አፈሙዝ ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረው። መብራቱ ያየውን አፈሙዙም ያየዋል። ብልሃቱም ጥፋቱም ይኸው ነው። ባለፈው አደን ከኋላው ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ ማተቤ ዞረ፤ መብራቱ ፀሐዩ ሆድ ላይ አረፈ፤ አፈሙዙም አብሮ አረፈ። ፀሐዩ የሚስቱ የፋናዬ ታላቅ ወንድምና የአደኑ መሪ ነው። ቃታው አልተሳበም እንጂ ቢሳብ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

«የግንባር ባትሪ ሳትገዛ እንዳትመጣ» አለው ፀሐዩ። «ገዝተህም በዓይኔ ሳላይህ አትመጣም።»

ዛሬ ማታ የሚከበበው ከማተቤ ማሳ ጋር የሚዋሰነው ማሳ ነው። ማተቤ ካልተፈቀደለት መንጋው በቀጥታ ወደሱ ማሽላ ይነዳል። ስለዚህ ሦስቱም፣ ማተቤ፣ ፋናዬና ፀሐዩ፣ በጠዋት መተማ ገበያ ወርደው ሐሚዳ ሱቅ ገቡ።

ሐሚዳ ከድንበሩ ማዶ የሚመጣውን ሁሉ ትሸጣለች። ሦስት የግንባር ባትሪ ዘረጋችላቸው። የመጀመሪያው ካርቶኑ ላይ አንበሳ አለበት፣ የብርሃኑን ጉልበት የሚናገር ቁጥር አለበት፣ ከቁጥሩ ኋላ የዜሮ ሰልፍ አለበት። ዜሮ ሲሰለፍ የሚያጨበጭብ ሰው ሞልቷል፤ ማተቤ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነው።

«ይኸን!» አለ ሌሎቹን ሳያይ።

«ያ ማተቤ፣ መጀመሪያ ልበሰው እንጂ» አለች ሐሚዳ። «ወላሂ ይኸ የሚፈልገው የመኪና ግንባር ነው።»

«የኔ ራስ ከመኪና በምን ያንሳል?»

«ሞተር የለውም» አለች ፋናዬ።

ሁለተኛው ቻርጅ የሚደረግ ነው። ፀሐዩ «ማሳው ውስጥ ሶኬት ተክለሃል?» ብሎ ጠየቀ፤ ባትሪውም በዚያው ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።

በዚያ ፀሐይ መብራት አይፈተንም። ሐሚዳ ከሱቋ ጀርባ ያለውን መስኮት የሌለው የሰሊጥ መጋዘን አስከፈተችላቸው። ጆንያው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ፀሐዩ አንድ ዱላ አነሳና ለማተቤ ሰጠው።

«ጠመንጃህ ይኸ ነው። እኔ ጆንያው መሀል ሆኜ እጠራሃለሁ፤ አብራና ፈልገኝ። ዱላው ወደኔ ከዞረ ግን ማታ አልጋህ ላይ ነህ።»

ጆንያ ሲሸከሙ የነበሩት ሠራተኞች ሸክማቸውን ጥለው በሩን ሞሉት። እንዲህ ያለ ነገር በነጻ አይገኝም።

ማተቤ ባለ አንበሳውን አበራ። የሰሊጡ አቧራ መብራቱን ተቀብሎ ነጭ ግድግዳ ሆነ፤ ከግድግዳው ወዲያ ምንም የለም። ላብ በላብ በሆነው ግንባሩ ላይ ባትሪው ተንሸራቶ አፍንጫው ላይ ተቀመጠ። በአንድ እጁ ሲደግፈው ፀሐዩ ጠራው፤ ዞረ።

«ዓይኔን! ኧረ ዓይኔን አጠፋኸው!»

«አየሁዎ አያ ፀሐዩ!»

«ድፍን መተማ አየኝ! አውልቀው!»

ሦስተኛው ትንሽ ነው። ተራ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፣ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ሲጫኑት ቀይ ይሆናል። ማተቤ የተሰደበ ያህል አየው።

«ይኸማ የሰርግ ቤት መብራት ነው። ልትድሩኝ ነው?»

«ማን ያገባሃል? አድርገው!» አለችው ሚስቱ።

አደረገው። ያን ጊዜ ጆንያው ተለይቶ ታየው፤ የጆንያው ስፌት ታየው፤ በስፌቱ ሥር የምትሮጥ አይጥ ታየችው። «እንዴ!» አለ። «ይታያል እኮ!» ደስታው ሳያልቅ ከቀኝ በኩል ተጠራ። ዞረ። ዱላውም ዞረና ፀሐዩ ደረት ላይ ተተከለ።

«ሞትኩ» አለ ፀሐዩ።

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ማተቤ ግን ፊቱ ዐመድ መሰለ። ካላማዳሪው ከአፈሙዙ ቢፈታም ከጅማቱ አልተፈታም ነበር። ልማድ በመግለጫ ቢሻር ኖሮ እኛ አገር ስንት ነገር ተሽሮ ነበር! ፀሐዩ ወደ በሩ አመራ።

«ወንድምዓለም፣ አንድ ጊዜ ይታገሱት» አለች ፋናዬ። ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ፣ ማታ ከብት ስትቆጥር ዱላህ የት ነው?»

«ትከሻዬ ላይ።»

«ላሞቹን በዱላ እየጠቆምክ ነው የምትቆጥር?»

«ምን በወጣኝ! በዓይኔ ነው።»

«እንግዲያ ላም ቁጠር።»

ማተቤ ዱላውን ትከሻው ላይ አቆመ፤ ጫፉ የጣሪያውን ቆርቆሮ አየ። ፀሐዩ ከግራ ጠራው። አንገቱ ብቻ ዞረ፤ ትንሿ መብራት ፀሐዩ ጫማ ላይ አረፈች። «አንድ ላም!» ብሎ ጮኸ። ከቀኝ ተጠራ። «ሁለት ላም!» ከኋላ ተጠራ። «ሦስት!» ዱላው ከቆርቆሮው ንቅንቅ አላለም።

«እኔን ነው ላም የምትለኝ?»

«ዝም በሉ አያ ፀሐዩ፣ ላም አይናገርም!»

መጋዘኑ ተናጋ። አንዱ ሠራተኛ ጆንያ ላይ ወድቆ እየተንፈራፈረ ሳቀ፤ ሐሚዳ በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ፀሐዩ ከጨለማው ወጣና አቧራውን አራገፈ።

«ላም መሆኑ ይሻለኛል። ማታ ና። እኔ ‹አሁን› ሳልል ግን ጠመንጃህን ከትከሻህ አታወርዳትም።»

ጀንበር እንደጠለቀች መንጋው መጣ። ማሽላው መሀል ዓይኖች ቦግ ቦግ አሉ። ማተቤ በአንገቱ ብቻ ተከተላቸው፤ አፈሙዙ ሰማይ ሰማይ እያየ። «አሁን!» አለ ፀሐዩ። ማተቤ አወረደ፣ ተኮሰ፣ ሳተ። ባዶ አየር ነው የመታው! መንጋው ግን እየጮኸ ተገለበጠና ወንዙን ተሻግሮ ጫካው ውስጥ ጠፋ፤ የማተቤን ማሳ አንዱም አልረገጠው።

ማሽላው ቆሞ አደረ። ፀሐዩም ቆሞ አደረ።