ለሰፊው ጎማ የተቆረጠው ፓራፋንጎ

«አይቆረጥም አልኩህ እኮ። ልኩ የሆነውን ጎማ ግጠም።»

«እትዬ፣ ልኩን ሞክረነው የለ? ድንጋይ በላው።»

«እንግዲያ ድንጋይ የሌለበት ሂድ።»

እህቴና እኔ ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለች የሳይክል መጠገኛ ውስጥ ነበርን። የምንጨቃጨቀው በሟቹ አባታችን ሳይክል ነው። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት እንዳስተምር የተመደብኩበት መንደር ከአምባሰል ተራራ ግርጌ ነበር፤ መንገዱ በበጋ ኮረት፣ በክረምት ጭቃ። ሳይክሉ ካልቻለው እዚያው ቤት መከራየቴ ነው። እህቴ ደግሞ፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እህቴ፣ ብቻዋን እህል አይወርድላትም። ያመሸሁ ቀን መሶቡ ሳይከፈት ያድራል።

አንድ የመኪና ሾፌር ከአሰብ ሁለት ወፋፍራም ጎማዎች አመጣልኝ። ቸርኬው ላይ ልክ ገቡ። የኋላው ግን ፓራፋንጎው፣ ያ ከጎማው በላይ የሚጎብጠው የጭቃ መከላከያ፣ አላሳልፍ አለው። አባታችን እንዳይንቀጫቀጭ ብሎ ከሳይክሉ አካል ጋር አስበይዶታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዝ በነካ ጨርቅ ሲወለውለው፣ እህቴ ፊቷን ታይበት ነበር።

«አባባ፣ አንቱ ይዳኙን» አልኩት ሽማግሌውን ጠጋኝ።

«እኔ ምን ብዬ?» አለ፣ ቸርኬውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ሙሽራው ከወፈረ በሩ ይሰፋል። ደግሞ ሳይክሉን ትቼ እናንተን ብጠግን ሳይሻል አይቀርም።» መጋዙን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «የሙት ዕቃ ነው። ወራሹ ሁሉ ከልቡ ፈቅዶ አፉ ሳይለኝ አልቆርጥም።»

«እኔ አፉ ብያለሁ።»

«አንተማ ጎማው ዓይንህን ሞልቶታል። እሷን ነው የጠየቅሁት። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

እህቴ ፓራፋንጎውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «ይሄ ጎማ ማታ ማታ ያመጣዋል?»

«ጎማውን እኔ አስገባለሁ። መምጣቱን እሱን ጠይቂው።»

ወደ እኔ ዞረች። ያኔ ግጥም ከአፌ አይጠፋም ነበር፤ ለማንም ለምንም ቤት እመታለሁ። ለእሷ ግን ያገኘሁት ይሄን ብቻ ነው፤ «ለራት እደርሳለሁ።»

«ዝናብ ቢሆንም?»

«ቢሆንም።»

አማተበችና «አፉ ብያለሁ» አለች።

መጋዙ ሲጮህ ትወጣለች ብዬ ነበር። አልወጣችም፤ ሳይክሉ እንዳይወዛወዝ ኮርቻውን በሁለት እጇ ያዘችለት። ብናኙ ቀሚሷ ላይ እየረገፈ ዓይኗን አልነቀለችም። ብዙ ሰው ፈቀድኩ ብሎ ፊቱን ያዞራል። እሷ የፈቀደችውን አብራ ያዘች፤ ዛሬም ድረስ የማመሰግናት ለዚህ ነው።

ጎማው ገብቶ ሲሽከረከር እኔ ልነዳው ቸኮልኩ። ሽማግሌው በጎማውና በብረቱ መካከል ጣቱን ሰደደ፤ አልገባም። «ይሄ የበጋ ነው» አለ። «ጭቃው መጥቶ የት ሊቀመጥ ነው? ለእሱም ስፍራ ይተውለታል።» የወይራ ሽብልቅ ጎማውን ግራና ቀኝ በያዙት ሁለት የሳይክሉ ብረቶች መሀል ሰክቶ፣ በመዶሻ ቀስ እያለ፣ እየለካ፣ ጣቱ በግራም በቀኝም እስኪያልፍ አራራቃቸው። በዚያች የጣት ክፍተት ስንት ክረምት ጭቃ ተሸክሜ ቤቴ ገብቻለሁ። የሰውዬውን እጅ ሳልስም መቅረቴ ይቆጨኛል፤ ግን ሐይቅ ውስጥ ሳይክል ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር እመርቀዋለሁ።

«ኧረ አብሽሪ» አላት ሽብልቁን እየነቀለ። «ዝሆን ቢጋልብበት አይበግረው።»

«ዝሆኑ በሰዓቱ ከገባ ግድ የለኝም» አለች። ቀሚሷን አራገፈች፣ ነጠላዋን አጣፋች። «በል ንፋውና ተከተለኝ፤ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ወጣች፤ የቆርቆሮው በርም ከኋላዋ ገጭ ብሎ ተዘጋ።