ለአንድ ጉሮሮ የተመረጡ ክሮች

የዘፋኛችን ድምፅ እየወረደ መሆኑን ሮቤ ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በኦሮምኛውም በአማርኛውም እየዘፈነ ሙሽራ ያስገባ ሰው ነው። እኔ ከጎኑ ቆሜ ቤዝ ጊታር እመታለሁ፣ ሦስተኛችን ኪቦርድ ይጫወታል። በቃ፣ ባንዱ ይኸው ነው።

ኪቦርዲስቱ "ንገረው" ሲለኝ "አንተ ንገረው" አልኩት። ማን ደፍሮ! እኛ ዘንድ ሰውን ፊት ለፊት "ደክመሃል" ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ተማክረን የዘፈኑን ቅኝት በድብቅ ዝቅ አደረግንለት። መጀመሪያ ግማሽ ድምፅ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ሌላ ግማሽ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ሙሉ ድምፅ ወረድን። ለኪቦርዱ ምን አለበት? አንድ ቁልፍ መጫን ነው። እኔ ግን ዘፋኙ ሃያ ዓመት ያያቸው ጣቶቼ ቦታ ቢቀይሩ ይነቃብኛል፤ ያለኝ አማራጭ ክሩን ማላላት ብቻ ነበር። የላላው ክር እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ እየተወዛወዘ ከጊታሩ አንገት ጋር ይጋጭ ጀመር።

አንድ ቀን ጎባ ከሠርግ ስንወጣ ዘፋኙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ወንድሜ፣ እጅህ ደከመ እንዴ? ቤዙ አይሰማም እኮ።" እጄ! ግን ዋጥኩት።

ዝቅ ብሎ ተቃኝቶም የማይላላው ወፍራም ክር ነው፤ ሮቤ የሚገኘው ግን አንድ ዓይነት ቀጭን ብቻ ነው፣ ያውም ሲገኝ። ለዕቃ አዲስ አበባ የሚመላለስ ባለሱቅ ወዳጄን "ወፍራም አምጣልኝ" ብዬ ብልከው ያንኑ ቀጭን ክር አመጣልኝ፤ የወፈረው ማሸጊያው ነው። በሁለተኛው ዙር በወረቀት ጻፍኩለት፦ የባለ አምስት ክር ቤዝ ጊታር ክሮች። ከአምስቱ ቀጭኑን ትቼ አራቱን ወፍራሞች ባለ አራቷ ጊታሬ ላይ ላስር ነው። አልገባ አሉ። አንገቷ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ቦዮች በሞረድ አሰፋሁ። አንዴ ከሰፋ መመለሻ የለውም። ስሞክረው ግን ክሩ ያን ያህል ወርዶም ተወጥሮ ቆመ፣ ድምፁ ደረት ይመታል።

ቀጣዩ ሠርግ አጋርፋ ነበር። ዘፋኛችን እንደ ድሮው አገሳ። "ወላሂ ድምፄ ተመለሰ!" ብሎ አቀፈኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ምሳ ላይ ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ፣ ጊታር የሚሞካክር፣ ቤዜን አነሳ። ነካ ነካ አደረገና ጮክ ብሎ "ይሄ ሁለት ድምፅ ወርዷል እኮ! ለማን ጉሮሮ ብላችሁ ነው?" አለ። ሰው ሳቀ። ዘፋኛችን አጠገባችን ቁጭ ብሎ እየበላ ነበር። እጁን ከትሪው አነሳና ኪቦርዲስቱን "እውነት ነው?" አለው። ያ ፈሪ "እኔ እሱን ተከትዬ ነው" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ከምሳ በኋላ አልዘፈነም። ሮቤ ደርሰን ከሚኒባሱ ሲወርድ ዞሮ አየኝ።

"ለካ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሃያ ዓመት አብረን በልተን፣ 'ወንድሜ፣ ደክመሃል' ብትለኝ ምን ነበረበት? ከሌላ ሰው ልስማው?"

ኪቦርዲስቱ አሁን ድምፁ ከፍ ያለ አዲስ ዘፋኝ ይዟል። እኔንም ጠርቶኝ ነበር። ለአዲሱ ድምፅ ቀጫጭኖቹን ክሮች መልሼ ባስር በሰፉት ቦዮች ውስጥ እየተንሸራተቱ ተንጫጩ። ፈታኋቸውና ወፍራሞቹን አሰርኩ፤ ከእነሱም ጋር አልሄድኩም።

የድሮው ዘፋኛችን ዛሬ ገበያው አጠገብ እህል ይሸጣል። በደጁ ሳልፍ "አከም ጂርታ?" ብዬ ደህንነቱን እጠይቀዋለሁ። "ፈያ" ይለኝና ወደ ሚዛኑ ይዞራል። ቤት ያለችው ጊታር አሁንም በእሱ ድምፅ ልክ እንደተቃኘች ነው።