የአራት ደቂቃው መልስ

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደኝ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ እንኳ ያንገበግበኛል። የምሠራበት ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ የማሽኖቹን መዝገብ የሚያነብ ፕሮግራም ነበረ። መዝገቡ የትኛው ማሽን መቼና በማን ካርድ እንደተነሳ መስመር በመስመር ይጽፋል። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ሲጠየቅ ሁሉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ደሜን ያፈላው ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ታገልኩት። መዝገቡን በየወሩ ከፋፍዬ አሥራ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እንዲነበቡ አደረግሁ። መልሱም እንዲያጥር ብዬ ቀኑን አስወጥቼ የባለካርዱን ስም ብቻ አስቀረሁ። ግማሽ ቀኑ አራት ደቂቃ ሆነ። ደረቴን ነፍቼ ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት።

ጳጉሜን ሦስት ጧት መብራት ጠፋ። አንድ ሠራተኛ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ሊጥ ማቡኪያውን ሊያጸዳ ክንዱን አስገባ። ማሽኑ ተነሳ። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ሊጡ ቀልቷል፤ ከክርኑ በታች ክንድ የሚባል አልነበረም።

እሱን ወደ ደሴ ሆስፒታል ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ወንድሞቹ ከኩታበር ዱላቸውን ይዘው መጡና በሩን ጥሰው ገቡ። «ማነው ያስነሳው?» እያሉ ይጮኻሉ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረ፤ «ፕሮግራምህን ጠይቀው!» አለኝ።

ማቡኪያውን መጨረሻ ያስነሳው ማነው ብዬ ጠየቅሁት። በአራት ደቂቃ አንድ ስም አወጣ። እኔ ጅሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

የስሙ ባለቤት በዚያ ማሽን ላይ ሲሠሩ ያረጁ አንድ አዛውንት ነበሩ። በዚያን ቀንም ተረኛ እሳቸው ነበሩ።

«ወላሂ ካርዴን አልነካሁም! መብራት እኮ አልነበረም። ልጄ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ደግመህ እየው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ማሽን አይዋሽም» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ዱላ ቅንድባቸው ላይ አረፈ። የዱቄት ጆንያ ላይ ሲወድቁ ሁለተኛው ወንድም በጫማው አፋቸውን ረገጠው፤ ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ። ዱላው ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ነበር፤ ጣቶቻቸውን ከነዓይናቸው መቱ። እኔ ቆሜ አይ ነበር። ጥበቃዎቹ የደረሱት እሳቸው መጮኽ ካቆሙ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«መብራት እኮ አልነበረም» ያሉት ነገር አልለቅ አለኝ። በማግስቱ ጧት የድሮውን ፕሮግራም አስነሳሁና ግማሽ ቀን ፊቱ ተቀመጥኩ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ ጳጉሜን ሦስት፣ ያለ ካርድ፣ መብራት ሲመለስ በራሱ ተነሳ። ማንም አላስነሳውም። እኔ የአሥራ ሦስት ወር አገር ልጅ፣ መዝገቡን አሥራ ሁለት ቦታ ከፍዬ ጳጉሜን ጭራሽ ሳላስነብብ ቀርቻለሁ። ያነበብኩት ነሐሴ ሠላሳ ያስነሳውን ሰው ስም ነበር፤ ቀኑን አስወጥቼው ስለነበር አላወቅሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ሆስፒታል ሄጄ አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ግራ ዓይናቸው ወጥቷል። እያለቀስኩ ስጨርስ በቀረቻቸው ዓይን አዩኝ።

«የድሮው ምን ያህል ይቆያል?»

«ግማሽ ቀን፣ ጋሼ።»

«እጠብቅ ነበር እኮ» አሉኝ።