ቢጫ የለበሰችው ትሞታለች

አክስቴ ተከታታይ ድራማ ስታይ ማን እንደሚሞት ቀድማ ትናገር ነበር። ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለችው ቆርቆሮ ቤታችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን እያየን፣ ሁልጊዜ ጥቁር የምትለብስ ሴት ድንገት ቢጫ ለብሳ ብቅ ካለች፣ «ይቺ አለቀላት» ትላለች። «ደራሲ ሊገድለው ያሰበውን ሰው አስቀድሞ ያደምቀዋል፤ እንድናዝንለት።» በሳምንቱ ሴትዮዋ ስትሞት ወደ እኛ ዞር ብላ «አላልኳችሁም?» ትለናለች።

እኔ ይህን ጠባይዋን አልወድላትም ነበር። «እትዬ፣ በናትሽ አታበላሺብን!» እያልኩ ስንቴ ጮኼባታለሁ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ፣ በድራማው ውስጥ ያለችው እናት ቢጫ ሻሽ አስራ ወጣች። አክስቴ ዝም አለች። ሶማሌዋ ጎረቤታችን አማርኛ አትሰማም፤ ታሪኩን የምትከታተለው አክስቴ እየተረጎመችላት ነው። ጎረቤታችን የአክስቴን ፊት አየት አድርጋ እጇን ያዘቻት። እኔ ግን ወደ ወንድሜ ጠጋ ብዬ «ዛሬስ ተገላገልን» አልኩት። አክስቴ ሰምታኛለች።

ለካ ታማ ለመናገር አቅም አጥታ ኖሯል። ሐሙስ ቀበርናት።

ከአርባዋ በኋላ ቴሌቪዥኑን ስንከፍት ያው ክፍል እየተደገመ ነበር። ጎረቤታችን እንደ ድሮው መጥታ ተቀመጠች። የአክስቴ ትራስ ግድግዳው ጥግ እንደተደገፈ ነው፤ ማንም አልነካውም። ቢጫዋ ሻሽ ብቅ ስትል፣ እኔና ጎረቤታችን ሳናስበው ወደ ትራሱ ዞርን።

ማንም አላበላሸብኝም።