ገጽ አርባ ላይ የጻፈው ማን ነው?

ያኔ ቡታጅራ አስተማሪ ነበርኩ። መጽሐፍ ከሚያከራየው ከሸምሱ አንድ ልብ ወለድ ወሰድኩ። በንጉሡ ዘመን የምትኖር አንዲት ጠጅ ጣይ ባልቴት አንባቢን እያሳቀች የጎረቤቷን ገዳይ ስታነፈንፍ የሚተርክ ነው። ደስ ብሎኝ ገጽ አርባ ስደርስ፣ ዳሩ ላይ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። የ«ሐ» መሃል እግር እንደ ጅራት ረዝሟል። ደሜ ፈላና መጽሐፉን ዘጋሁት።

ሸምሱን «ከእኔ በፊት ማን ወሰደው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ወላሂ፣ የደንበኛ ምስጢር አላወጣም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የማልጠረጥረው ሰው ጠፋ። ልብስ ሰፊው እንኳ ስሜን ሲመዘግብ በትከሻው ላይ አጮልቄ የእጅ ጽሑፉን አየሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ «ሐሙስ የጸሎት ፕሮግራም አለ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ሐ»ዋ ያችው ባለ ጅራቷ ናት! ማስታወቂያ የሚጽፉት ደግሞ «ልብ ወለድ ጊዜ ማባከን ነው» እያሉ የሚገሥጹን ሽማግሌ፣ ጋሽ ዘርጋ ናቸው።

ብቻቸውን ሲሆኑ ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ መጨረሻውን ለምን አበላሹብኝ?» አልኳቸው።

ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔም አልጨረስኩትም። ባለቤቴ ልትደርስብኝ ስትል መለስኩት። ጠርጥሬ ነው የጻፍኩት። ለመሆኑ… ሐኪሙ ነው?»